ሪአክቲቭ ፓወር ሁለተኛ ወፍጮ ያዞራልን? ከቡሬ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በቡሬ ከተማ ባለ 15 ኪሎዋት፣ ባለሦስት ፌዝ ሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮ አላቸው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚያነብ መለኪያ) ለካና 12 አምፔር አሳያቸው፤ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ የሚመልስ ዕቃ) ሲያገናኝበት ደግሞ ንባቡ ወደ 3 አምፔር ወረደ። ከዚያም «የቀረው 9 አምፔር ሪአክቲቭ ፓወር ይባላል፤ መስመሩ ላይ በከንቱ የሚመላለስ፣ ቆጣሪም የማይቆጥረው ትርፍ ጉልበት ነው፤ እኔ በምሠራው ሳጥን ይዘን ሁለተኛ ወፍጮ እናዞርበታለን» ብሎ ለሳጥኑ መሥሪያ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃቸው። ለማሳመኛም ጠረጴዛ ላይ በ22 ቮልት የሚሠራ ሰርኪዩት ዘርግቶ፣ መውጫው ከመግቢያው አሥር እጥፍ ሲበልጥ በመለኪያ አሳያቸው። ጠያቂው ጉዳዩን ቢጠራጠሩም አንድ ነገር እንዳልተመለሰላቸው ይገልጻሉ፦ «ነገሩ ሐሰት ከሆነ፣ እንደ ጣና በለስ ያሉ ማመንጫዎች ሳይቀሩ ከሜጋዋት ሌላ ሜጋቫር ያመነጫሉ የሚባለው ለምንድን ነው?» (ሜጋቫር የሪአክቲቭ ፓወር መለኪያ ነው።)

መልሱን ላለማንጠልጠል፣ ክፍያውን አይፈጽሙ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ያሳየዎት ንባብ የፈጠራ ነው ብዬ አላምንም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በእውነተኛ መለኪያ ላይ የሚታዩ ናቸው። ስሕተቱ የገባው ቮልቱንና አምፔሩን አባዝቶ ውጤቱን «ዋት» ብሎ በጠራበት ቦታ ላይ ነው። ጉዳዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ቢሆንም፣ ጥያቄው በቁጥር የተደገፈ ስለሆነ መልሱም በቁጥር ቢሆን ይሻላል።

በመጀመሪያ ከወፍጮው እንነሣ። በ380 ቮልት መስመር ላይ በየፌዙ 12 አምፔር ሲፈስ፣ 1.732 (የሦስት ፌዝ ማባዣ) በ380፣ በ12 ተባዝቶ 7.9 ኪሎቮልት አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ቮልትና አምፔር እንዲሁ ሲባዙ የሚመጣው መጠን ነው። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር በእርግጥ የሚበላው ግን የኩሽኔታው ሰበቃ፣ የማራገቢያው ንፋስ፣ የብረቱና የመዳብ ጥቅሉ ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ላለ ሞተር 1 ኪሎዋት ያህል ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የቀረው ሪአክቲቭ የሚባለው ነው፤ በኪሎቫር ይለካል፣ እዚህም 7.8 ገደማ ይሆናል (ሁለቱ በቀጥታ አይቀናነሱም፤ እንደ ባለቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎን ጎኖች ነው የሚሰሉት)። የዚህ ከረንት ሥራ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን መግነጢሳዊ መስክ መፍጠር ነው። ይህ ከረንት ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት ያህል (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚደግመው ምልልስ አራተኛ እጅ) ወደ ኋላ ስለሚዘገይ፣ ከዑደቱ በአንደኛው ሩብ ጉልበት ወደ ጥቅሉ ያስገባል፣ በሚቀጥለው ሩብ ያንኑ ጉልበት ይመልሳል። ካፓሲተር ደግሞ ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት የሚቀድም ከረንት ስለሚስብ፣ ጥቅሉ በሚወስድበት ቅጽበት ይሰጣል፣ ጥቅሉ በሚሰጥበት ቅጽበት ይወስዳል። 6 ኪሎቫር የሚሆን ካፓሲተር በሞተሩ አፍ ላይ ቢገናኝ፣ ከ7.8 ኪሎቫር የሚቀረው 1.8 ብቻ ነው፤ ከ1 ኪሎዋቱ ጋር በአንድነት ሲሰላ የመስመሩ ከረንት 3.2 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሠራተኛው ያሳየዎት 3 አምፔር ይኸው ነው። ዘጠኙ አምፔር ከመስመሩ ቢጠፋም ከሰርኪዩቱ አልጠፋም፤ አሁን በካፓሲተሩና በሞተሩ መካከል ባለችው አጭር ሽቦ ላይ ይመላለሳል። አንዱ ኪሎዋት ግን ከካፓሲተሩ በፊትም በኋላም ያው አንድ ኪሎዋት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የእኔን ቃል ማመን አያስፈልግዎትም። ዲጂታል ቆጣሪዎ ላይ የምትብለጨለጭ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ የሚገልጽ ቁጥር ተጽፏል። ሌላውን መብራትና ማሽን ሁሉ አጥፍተው፣ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ለ10 ደቂቃ ብልጭታዋን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ካፓሲተሩን አገናኝተው ለሌላ 10 ደቂቃ ይቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ 400 ተጽፎ እንደሆነና ሞተሩ 1 ኪሎዋት የሚበላ ከሆነ፣ በሁለቱም ጊዜ 67 ያህል ብልጭታ ያገኛሉ። አምፔሩ ከ12 ወደ 3 ሲወርድ ብልጭታው ካልቀነሰ፣ የወረደው ነገር ጉልበት እንዳልነበረ በዓይንዎ አዩ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ ይበሉ፦ ሰዎች ይህን ትርኢት የሚያሳዩት ሁልጊዜ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያው ሞተር በቆሎ እየፈጨ ሙሉ ጭነት ሲሸከም፣ ብቃቱ 90 በመቶ፣ ፓወር ፋክተሩ (ከቮልት አምፔሩ ውስጥ በእርግጥ ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.85 ነው ብንል፣ ከመስመሩ 16.7 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ከረንቱም 30 አምፔር ይጠጋል። ያንኑ 6 ኪሎቫር ካፓሲተር ብናገናኝ ንባቡ ወደ 26 አምፔር ብቻ ነው የሚወርደው። ከ30 ወደ 26 መውረድ ማንንም አያስደንቅም፤ ስለዚህ ቺንጋው ይወልቃል።

ክላምፕ ሜትር ለምን ያሳስታል የሚለው ከዚህ ይከተላል። ወደ አንድ ዕቃ የሚገባው ጉልበት የሚታወቀው፣ በአንድ ቅጽበት ያለው ቮልቴጅ በዚያው ቅጽበት ካለው ከረንት ጋር እየተባዛ በጊዜው ሁሉ ሲደመር ነው። ቮልቴጁ አዎንታዊ ሆኖ ከረንቱ አሉታዊ በሆነበት ቅጽበት ብዜቱ አሉታዊ ይሆናል፤ ይህም ጉልበት ከዕቃው ወደ መስመሩ እየተመለሰ መሆኑን ያመለክታል። ክላምፕ ሜትር ግን የከረንቱን መጠን ብቻ ያነባል፤ ቮልት መለኪያውም የቮልቴጁን መጠን ብቻ። ሁለቱ አብረው ይነሡ አብረው ይውደቁ፣ ወይም አንዱ ሲወጣ ሌላው ይውረድ፣ የትኛውም መሣሪያ ለብቻው አያውቅም። በወፍጮ ቤትዎ አንድ ኩንታል ጤፍ ሚዛኑ ላይ አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ ቢወርድና ጸሐፊው የወጣበትን ብቻ ቢመዘግብ፣ መዝገቡ አሥር ኩንታል ይላል፤ ዱቄቱ ግን ከአንድ ኩንታል አያልፍም። ቆጣሪ የመውጣቱንም የመውረዱንም የሚመዘግብ ጸሐፊ ነው። ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ በ1889 እ.ኤ.አ. ከሠራው ባለሚሽከረከር ዲስክ ቆጣሪ ጀምሮ የቤት ቆጣሪዎች ቮልቴጅና ከረንትን አንድ ላይ እንጂ ለየብቻ አይለኩም። «ቆጣሪው አይቆጥረውም» መባሉም ስለዚህ ትክክል ነው፤ የማይቆጥረው ግን ስለሚያመልጠው ሳይሆን የሚቆጠር ልዩነት ስለሌለ ነው። ለትልልቅ ፋብሪካዎች ሪአክቲቩንም ለይቶ የሚመዘግብ ቆጣሪ መገጠሙ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በዚያ የሚታሰበው በመስመሩና በትራንስፎርመሩ ላይ የሚፈጠረው ጫና ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ሰርኪዩት እንለፍ፤ ብልህ ሰዎችን ሳይቀር የሚያታልለው ይህ ነውና። በገለጻዎ ላይ 60 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተወሰደ ጥቅል በተከታታይ ተገናኝተው 22 ቮልት ተሰጥቷቸዋል። በ50 ኸርዝ እንዲህ ያለ ካፓሲተር ለከረንቱ የሚያሳየው ተቃውሞ 53 ኦም ነው። ጥቅሉ 0.169 ሄንሪ ከሆነ እርሱም 53 ኦም ያሳያል፤ ሁለቱ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆኑ ይጠፋፋሉ፤ በሰርኪዩቱ ውስጥ የሚቀረው ተቃውሞ የጥቅሉ ሽቦ 5 ኦም ብቻ ይሆናል። ይህ ሬዞናንስ የሚባለው ሁኔታ ነው። 22 ለ5 ሲካፈል 4.4 አምፔር ይመጣል፤ 4.4 አምፔር በ53 ኦም ውስጥ ሲያልፍ በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ 233 ቮልት ይታያል። 233 በ4.4 ቢባዛ 1,025 ይሆናል። መግቢያው 22 በ4.4፣ ማለትም 97 ዋት ነው። እነሆ ከአሥር እጥፍ በላይ!

ነገር ግን 97 ዋቱ የት ገባ ብለው ይጠይቁ። 4.4 በ4.4፣ በ5 ኦም ተባዝቶ 97 ዋት ነው፤ አንድም ሳይቀር የጥቅሉን ሽቦ አሞቀው። በእጅ ቢነካ ትኩሳቱ ይታወቃል። 1,025 የተባለው ቁጥር ደግሞ በካፓሲተሩና በጥቅሉ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን መጠን የሚገልጽ ነው። የሚመላለሰው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው፤ የካፓሲተሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ 330 ገደማ ስለሆነ፣ በውስጡ የሚከማቸው ከ3.3 ጁል አይበልጥም። ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል በሰከንድ አንድ አሥራ ስምንተኛ ውስጥ የሚጨርሰው ነው። መግቢያውን ቢያቋርጡት መመላለሱ አንድ ሩብ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይከስማል።

«እሺ፣ ሲመላለስ ሳይመለስ ብንይዘውስ?» የሚለው በእውነት ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሳጥኑ ተስፋም ያረፈው እዚህ ላይ ነው። እስኪ እንያዘው። በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ 800 ኦም ማሞቂያ እናገናኝ። በ233 ቮልት 68 ዋት እንጠብቅ ነበር። የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ማሞቂያው ከሚመላለሰው ጉልበት መውሰድ ሲጀምር፣ ሰርኪዩቱ 3.5 ኦም የሚያህል ተቃውሞ እንደተጨመረበት ይቆጥረዋል። ከረንቱ ከ4.4 ወደ 2.6 አምፔር ይወርዳል፤ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ከ233 ወደ 137 ይወድቃል፤ ማሞቂያው 23.5 ዋት ያገኛል፤ ጥቅሉ 33.5 ዋት ያሞቃል። መግቢያው 57 ዋት ነው። 23.5 እና 33.5 ይደመሩ። ማሞቂያውን ቢለዋውጡ፣ ከዚህ ሰርኪዩት ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 24 ዋት ብቻ ነው፤ 22 በ22 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር። ከሺህ በላይ የተባለው ሥራ ሲጠየቅ ሃያ አራት ሆነ፤ ለዚያውም ያንኑ ያህል በሽቦው ሙቀት ከባከነ በኋላ። በዳዮድ ቢይዙት፣ በሌላ ጥቅል ቢያወጡት፣ በባትሪ ቢያጠራቅሙት ውጤቱ አይለወጥም፤ ያልተመለሰውን መጠን ምንጩ እንደገና መስጠት አለበት፣ ቆጣሪውም ይቆጥረዋል። በወፍጮዎ መስመር ላይ ያለውም ዘጠኝ አምፔር ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም።

በዚህ መስክ የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ አታላዮች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ዋት ሜትር ገዝተው፣ የተራቀቀ ኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በሥዕል የሚያሳይ መለኪያ) ይዘው እንኳ ትርፍ አገኘን ይላሉ። ለእነርሱ የሚሰጠው መልስ ትንሽ ጠለቅ ይላል። ቮልቴጁና ከረንቱ ሩብ ዑደት በሚራራቁበት ጊዜ፣ ማለትም ፓወር ፋክተሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ የመለኪያው ጥቃቅን የጊዜ መዛነፍ ከባድ ስሕተት ይፈጥራል። የከረንት ክላምፑ ከዑደቱ 360 ዲግሪ በ2 ዲግሪ ብቻ ቢዘገይ፣ ከ1,025 ቮልት አምፔር ውስጥ 36 ዋት የሚሆን ከየትም ያልመጣ ንባብ ይወልዳል፤ ምልክቱ ወደ አሉታዊ ከዞረ ደግሞ ካፓሲተሩ ጉልበት የሚያፈልቅ ይመስላል። ርካሽ ክላምፕ 2 ዲግሪ ቢዛነፍ አይገርምም። የኤሌክትሪክ ብልጭታ (ስፓርክ) የሚፈጥሩ ሰርኪዩቶች ላይ ችግሩ ይብሳል፤ በንጹሕ የ50 ኸርዝ ሞገድ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ መለኪያዎች በሹል ሞገድ ላይ የሚያነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም። የባትሪ ቮልቴጅ ከዕረፍት በኋላ ትንሽ ከፍ ማለቱንም «ራሱን ሞላ» ብለው የሚያቀርቡ አሉ፤ ባትሪ ውስጥ ያለው ጉልበት በቮልቴጁ ብቻ አይታወቅም።

ወደ ጣና በለስ ጥያቄዎ ልመለስ፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህን የሚያገኘው ከጣና ሐይቅ በዋሻ የሚመጣው ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ተርባይኖቹን ስለሚያዞርለት ነው። ሜጋዋት ለመጨመር ውሃ መጨመር ግድ ይላል። ሜጋቫር ለመጨመር ግን በማንኛውም እንዲህ ባለ ማመንጫ የሚደረገው የጄኔሬተሩን የማግኔት ከረንት፣ ኤክሳይቴሽን የሚባለውን፣ ከፍ ማድረግ ነው፤ የውሃው መጠን በዚያው ልክ አይጨምርም፤ የሚጨምረው በጥቅሎቹ ለሚባክነው ሙቀት የምትሆን ጥቂት ብቻ ናት። ጠያቂው «እንግዲያው ያለ ውሃ የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው» ሊሉ ይችላሉ። በትክክል፤ ያለ ውሃ የሚመጣውም በአማካይ የሚያስረክበው ጉልበት ስለሌለ ነው። እንዲያውም ጭነት የሌለው የተመሳሰለ ሞተር (ከመስመሩ ዑደት ጋር እኩል የሚዞር) ኤክሳይቴሽኑ ከፍ ተደርጎ ለመስመሩ ሜጋቫር እንዲሰጥ ብቻ የሚተከልበት አሠራር ከጥንት ጀምሮ አለ። ይህ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሜጋቫር «እያመነጨ»፣ ለራሱ ሰበቃና ሙቀት የሚሆን ሜጋዋት ከመስመሩ እየገዛ ይውላል። የሚሰጠው ትርፍ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የራሱን ሰበቃ በቻለ ነበር። ረጃጅም የ400 ኪሎቮልት መስመሮችም ጭነት ሲያንስባቸው ራሳቸው እንደ ካፓሲተር ሆነው ብዙ ሜጋቫር ይሰጣሉ፤ የመስመሩ ባለቤቶች በዚህ አይደሰቱም፤ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ስለሚወጣ በገንዘባቸው ሪአክተር (ትልቅ ጥቅል) ገዝተው ያጠፉታል። በሦስት ፌዝ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፦ ጭነቱ ሚዛናዊ ከሆነ አንዱ ፌዝ በሚመልስበት ቅጽበት ሌሎቹ ይወስዳሉና፣ የሪአክቲቩ ክፍል ድምር በየቅጽበቱ ዜሮ ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚጠመድ የሚመላለስ ጉልበት ጭራሽ የለም።

ካፓሲተር የተገጠመለት ተራ ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ አምፖል ሲያበራ ያየ ሰው ይኖራል፤ ያየው እውነት ነው። ሞተሩን ውሃ ወይም የናፍጣ ሞተር ከተመደበለት ፍጥነት ትንሽ አብልጦ ሲያዞረው፣ ካፓሲተሩ መግነጢሳዊ መስኩን ስለሚፈጥርለት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በትንንሽ ወንዞች ላይ የሚሠራበት መልካም ዘዴ ነው። ጉልበቱ ግን ከሚወርደው ውሃ ነው። ሞተሩን በራሱ ጄኔሬተር ለማዞር ቢሞክሩ፣ ሁለቱም 90 በመቶ ብቃት ቢኖራቸው እንኳ በአንድ ዙር 81 በመቶው ብቻ ይመለሳል፤ ይቆማል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዘላለም የሚንቀሳቀስ ማሽን ሠራን የሚሉትን ማመልከቻዎች ከእንግዲህ አልመረምርም ያለው በ1775 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሳጥኑ የኤሌክትሪክ መሆኑ ጉዳዩን አዲስ አላደረገውም።

ካፓሲተሩ ራሱስ ይጠቅምዎታል ወይ? እንደ ሁኔታው ይጠቅማል። ወፍጮዎ ከትራንስፎርመሩ ርቆ የመስመር ጫፍ ላይ ካለና ፍጭት ሲጀመር ቮልቴጁ የሚወድቅ ከሆነ፣ በደንብ የተመጠነ ካፓሲተር መውደቁን ይቀንሳል፤ ከረንቱ ከ30 ወደ 26 ሲወርድ በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት በአራተኛ ያህል ይቀንሳል። ብክነቱ የሚቀንሰው በአብዛኛው ከቆጣሪዎ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ስለሆነ ግን የእርስዎ ሂሳብ ላይ ለውጥ አይጠብቁ። «የኤሌክትሪክ ቆጣቢ» ተብለው ሶኬት ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ሳጥኖችም ውስጣቸው ቢከፈት የሚገኘው ይኸው ካፓሲተር ነው፤ የቤት ቆጣሪ ሂሳብ አይቀንሱም።

ካስገጠሙ ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይያዙ። የካፓሲተሩ መጠን ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ከሚስበው ሪአክቲቭ 90 በመቶ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ድንጋዩ ገና እየዞረ ስለሆነ ሞተሩ ራሱን ጄኔሬተር አድርጎ አደገኛ ቮልቴጅ ሊያነሣ ይችላል። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛው፣ ካፓሲተር መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ከ75 ቮልት በታች የሚያወርድ ማፍሰሻ ሬዚስተር ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ እንዲያም ሆኖ ሳይለኩ አይንኩ።

ሠራተኛው አሁንም በሳጥኑ ከጸና፣ ቮልትና አምፔር ማባዛቱን ትተው ውሃ እንዲያሞቅልዎ ይጠይቁት። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 167 ኪሎጁል ያስፈልጋል። እስኪፈላ አይጠብቁ፤ በጎጃም ደጋ፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በመፍላቱ ማስላት ያሳስታል፤ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። የጠረጴዛው ሰርኪዩት በእርግጥ 1,025 ዋት የሚሰጥ ከሆነ ውሃው ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 60 ዲግሪ ይደርሳል። የሚሰጠው እኔ ያሰላሁት 24 ዋት ከሆነ ግን፣ ውሃው ወደ አየር የሚያጣው ሙቀት ባይኖር እንኳ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፤ ክዳን በሌለው ዕቃ ከሆነ 60 ዲግሪን አያይም። መግቢያው በቆጣሪ በኩል ይለፍ፤ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀ ባትሪ ወይም ሌላ ሽቦ እንዳይኖር ይፈትሹ፤ ሙከራው ሲካሄድ ሰዓቱን የሚይዘውና ቴርሞሜትሩን የሚያነበው እርስዎ ይሁኑ። ስለ ቅድሚያ ክፍያው ከዚያ በኋላ መነጋገር ይቻላል።